«ወላጅ አምጣ» ለክስ ነው ወይስ ለምክር?

በአገራችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ቃሉ የሚነገረው ልጁ ሲያጠፋ ነው። መስኮት የሰበረ፣ ያረፈደ፣ ከጓደኛው የተደባደበ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይላካል። አባት ወይም እናት የዕለት ሥራቸውን ትተው ይመጣሉ፤ በዲሬክተሩ በር ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፤ ገብተውም የልጃቸውን ጥፋት ሰምተው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ፈርመው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ጥሪ የገንዘብ ጥሪ ነው። ለአጥር፣ ለክፍል መሥሪያ፣ ለዘበኛ ደመወዝ፣ ለወንበር ማሠሪያ መዋጮ ሲያስፈልግ ወላጆች ይሰበሰባሉ፤ ስብሰባውም «ስንት እናዋጣ» በሚለው ያልቃል። ከእነዚህ ከሁለቱ ጥሪዎች ውጭ፣ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል፣ መምህር ለምን ጎደለ፣ ልጆቹስ ለምን ማንበብ አቃታቸው፣ ዲሬክተሩ ሥራውን እንዴት ይዞታል ተብሎ ወላጅ የሚጠየቅበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ስለ ሦስተኛው ጥሪ ነው። ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው ተከሳሽ ወይም ከፋይ ሆኖ ሳይሆን ባለመብት ሆኖ መሆን አለበት እንላለን። ባለመብትነት ግን በደግ ቃል ብቻ አይገኝም፤ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው በሕግ የተጻፈ ሥልጣን ነው። ሁለተኛው በሥልጣኑ የሚሠሩበት ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሌለው ሥልጣን በአዋቂ ነን ባዮች እጅ ይወድቃል፤ ሥልጣን የሌለው ዕውቀትም ብሶት ከመሆን አያልፍም። ወላጆችን ማሠልጠን ስንልም ሁለቱን ባንድነት እንዲጨብጡ ማድረግ ማለታችን ነው።

ይህ አሳብ ከምኞት ብቻ የተቀዳ እንዳይመስል፣ ብዙዎቻችን በምንማርበት በአሜሪካ አገር የተደረገውን እናንሣ። የምናነሣው አሜሪካን ለማሞገስ አይደለም፤ ነገሩ እዚያም በድሆች ትግል የተገኘ፣ እዚያም ደጋግሞ የተሸራረፈ ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው የቺካጎ መምህራን ሥራ አቁመው ትምህርት ቤቶቹ 19 የትምህርት ቀን ተዘጉ። የወላጆች ቍጣ በመምህራኑ ማኅበርም በከተማው የትምህርት ቦርድም ላይ ሆነ። የከተማዪቱ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሃሮልድ ዋሽንግተን ወላጆችንና የየሰፈሩን ተወካዮች ሰብስበው ምክር አስጀመሩ። በኅዳር ወርም የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስትር ዊልያም ቤኔት የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ካገሪቱ ሁሉ የከፉ ናቸው ብለው ተናገሩ። በዚያው ወር ከንቲባው ድንገት ሞቱ። ሰብሳቢያቸው ሲሞት ወላጆቹ ይበተናሉ ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር፤ ነገር ግን አልተበተኑም። በሚከተለው ዓመት በአውቶቡስ እየተጫኑ የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪዎች ወዳሉበት ወደ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተመላለሱ፤ በየቢሮው በር ቆሙ፤ በ1988 የቺካጎ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ሕግ ወጣ።

ሕጉ ያዘዘውን በጥንቃቄ እንመልከት፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት 11 ሰዎች ያሉበት ሸንጎ ተቋቋመ። ከ11ዱ ወንበር 6ቱ የወላጆች ነበር፤ 2ቱ የሰፈሩ ነዋሪዎች፣ 2ቱ የመምህራን፣ አንዱ የዲሬክተሩ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ይጨመርበት ነበር። ስለዚህ ወላጆች አንድ አሳብ ከያዙ የድምፅ ብልጫው የነሱ ነበር። ሸንጎው ዲሬክተሩን መርጦ በ4 ዓመት ውል ይቀጥራል፤ ሥራውን ይመዝናል፤ ውሉ ሲያልቅ ያድሳል ወይም ያሰናብታል። ከዚያ በፊት የዲሬክተርነት ወንበር ከተያዘ የማይለቀቅ ርስት ያህል ነበር። ሸንጎው ደግሞ የትምህርት ቤቱን የማሻሻያ ዕቅድና ለድሆች ልጆች ተብሎ የሚመጣውን ገንዘብ አጠቃቀም ያጸድቃል። ለመምረጥና ለመመረጥ ዜግነት አይጠየቅም፤ ከሜክሲኮ የመጣች፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እናት በፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ ባይኖራት በልጅዋ ትምህርት ቤት ግን አላት።

በጥቅምት 1989 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ከ500 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ከ17,000 በላይ ሰዎች ለመመረጥ ቀረቡ። «ድሀ ስለ ትምህርት ግድ የለውም» ሲሉ ለኖሩት ከዚህ የበለጠ መልስ አላስፈለገም። በ1990 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምርጫው ሥርዓት የመራጮችን ድምፅ እኩል አያደርግም ብሎ ሕጉን ሲነቅፍ፣ በ1991 ሕጉ ታርሞ ሸንጎዎቹ ቀጠሉ።

ሥልጣኑ ከተገኘ በኋላ ግን ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ቀን በልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ማታ በጽዳት ሥራ የምትውል እናት በአንድ ምሽት ባጀት መርማሪ፣ ዲሬክተር ቀጣሪ፣ የፈተና ውጤት አንባቢ ሆነች። ወረቀቱ በቁጥር የተሞላ ነው፤ ቃላቱ የሕግ ቃላት ናቸው። እንዲህ ባለው ጊዜ ሁለት አደጋ ይመጣል። አንደኛው፣ ዲሬክተሩ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ የሸንጎው አባላትም «እርስዎ ያውቃሉ» ብለው ይፈርማሉ። ይህ ከሆነ ሸንጎው ማኅተም ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ሸንጎውን ይይዘዋል፤ ዘመድ ማስቀጠሪያና የሰፈር ቂም መወጫ ያደርገዋል። በ1997 የወጣ የቺካጎ የትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው ከሸንጎዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ ነበር፤ ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ግን ብርቱ ችግር ነበረባቸው፤ የቀሩትም ድጋፍ የሚሹ ነበሩ። ትልልቅ ሹማምንት የሚመሩአቸው መሥሪያ ቤቶች ቢመረመሩ ከዚህ የተሻለ ውጤት ይገኝባቸው እንደሆነ እንጠራጠራለን። ቢሆንም ችግሩ እውነት ነውና ዝም አልተባለም። አዲስ የተመረጠ የሸንጎ አባል ሁሉ 18 ሰዓት ያህል ሥልጠና እንዲወስድ በሕግ ታዘዘ። ባጀት እንዴት እንደሚነበብ፣ የዲሬክተር ሥራ በምን እንደሚመዘን፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ይማራል።

ስለ ሥልጠናው ደግሞ የኬንታኪ ክፍለ ግዛት ታሪክ የሚያስተምረን አለ። ኬንታኪ በተራራማ መንደሮቹና በከሰል ድንጋይ ሠራተኞቹ ድህነት የታወቀ ነው። በኅዳር 1984 ባንድ ምሽት 20,000 ያህል ሰዎች በየአውራጃቸው ተሰብስበው ስለ ትምህርት ቤቶቻቸው መከሩ፤ ስብሰባውን የጠራው ፕሪቻርድ ኮሚቴ የተባለው የበጎ ፈቃድ ዜጎች ማኅበር ነበር። ቀጥሎ 66 የድሀ አውራጃዎች የትምህርት አስተዳደሮች ባንድነት ከሰሱ። በ1989 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርቱ ሥርዓት ከላይ እስከ ታች ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ፈረደ፤ በ1990ም አዲስ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት በየትምህርት ቤቱ 3 መምህራን፣ 2 ወላጆችና ዲሬክተሩ ያሉበት ምክር ቤት ተቋቋመ።

ሁለት ወላጆች ከሦስት መምህራንና ከዲሬክተር ጋር ባንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ምን ይላሉ? ያላወቁትን መጠየቅ ያፍራሉ፤ ስለዚህ ዝም ይላሉ። ይህን የተረዳው ያው ኮሚቴ በ1997 የወላጆች መሪነት ማሠልጠኛ ከፈተ። ሥልጠናው በሦስት ዙር፣ በየዙሩ ሁለት ሁለት ቀን፣ በጠቅላላው ስድስት ቀን ነበር። ወላጆቹ የየራሳቸውን ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ውጤቱንም በጅምላ ሳይሆን የድሀው ልጅ ስንት አገኘ፣ የጥቁሩ ልጅ ስንት አገኘ፣ ሴቷስ ወንዱስ እያሉ ለይተው ማንበብ ይማራሉ። የትምህርቱ ሕግ ምን እንደሚል፣ ውሳኔ በየትኛው ወንበር እንደሚወሰን፣ በስብሰባ እንዴት እንደሚናገሩ ይለማመዳሉ። ከዚያም ምስክር ወረቀት ይዘው ቤታቸው እንዲቀመጡ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በትምህርት ቤቱ አንድ ሥራ የመሥራት ግዴታ ይገባል። ሥራው ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ የልጆችን ትምህርት የሚያሻሽል፣ ሌሎች ወላጆችን የሚያስተባብር፣ እርሱ ከሄደም በኋላ የሚቀር። ይህን ሦስተኛውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል። ሰው ሲሄድ የሚፈርስ ሥራ የአንድ ሰው ዝና እንጂ የሕዝብ ድርጅት አይደለም።

የሠለጠነ ወላጅ ከስብሰባ አዳራሽ ውጭም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ወደ ቺካጎ እንመለስ። ሊትል ቪሌጅ በተባለው የሜክሲካውያን ሰፈር አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚሠራ ቃል ተገብቶ ነበር። ቦታው ተገዛ፤ ሥራው ግን ሳይጀመር ዓመታት አለፉ፤ በሌሎች ሰፈሮች ግን የተመረጡ ልጆች ብቻ የሚገቡባቸው ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። በግንቦት 2001፣ በእናቶች ቀን፣ የሰፈሩ እናቶችና ጎረቤቶቻቸው በባዶው ቦታ ላይ ድንኳን ተክለው ምግብ አንበላም አሉ። 19 ቀን ጾሙ። ትምህርት ቤቱ በ2005 ተከፈተ። እነዚህን እናቶች ያጸናቸው ቍጣ ብቻ አልነበረም፤ ለዚያ ቦታ የተገባውን ቃል ያውቁ ነበር፤ ማን እንደገባውም ያውቁ ነበር። ቃሉን የሚያውቅ ሰው «ጠብቁ» በሚል መልስ አይመለስም።

ነገር ግን መልካሙን ብቻ ነግረን ብንተው አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። በ1995 አዲስ ሕግ ወጥቶ በቺካጎ ትምህርት ቤቶች ላይ የበላይነቱ ለከንቲባው ተሰጠ፤ ሸንጎዎቹ አልፈረሱም፤ ከላያቸው የተቀመጠው ክንድ ግን ከበደ። በ2013 የከተማው ቦርድ 50 ያህል ትምህርት ቤቶችን ባንድ ጊዜ ሲዘጋ፣ አብዛኞቹ በጥቁሮች ሰፈር ያሉ ነበሩ፤ የወላጆቹ ተቃውሞ ሊያድናቸው አልቻለም። በኬንታኪም በ2022 የወጣው ሕግ ዲሬክተር የመምረጡንና ሥርዓተ ትምህርት የመወሰኑን ሥልጣን ከየትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ወስዶ ለአውራጃው የትምህርት ሹም ሰጠ፤ ለምክር ቤቱ የቀረለት መመካከር ነው። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በየትምህርት ቤቱ ብቻውን የተቀመጠ የወላጅ ሸንጎ ደካማ ነው። ሥልጣኑ ከላይ የተሰጠ ከሆነ ከላይ ሊነጠቅ ይችላል፤ የማይነጠቀው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከሰፈር ሰፈር የተያያዘ ሲሆን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው። ቺካጎዎችም ይህን አልረሱትም፤ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በ2024 ነዋሪዎች የከተማውን የትምህርት ቦርድ አባላት በከፊል ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፃቸው መረጡ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ወላጅ ያልተጠየቀበት የትምህርት ዕቅድ ወዴት እንደሚያደርስ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከማንም በፊት አይቷል። በ1964 ዓ.ም. የተጀመረው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት በሚኒስቴር ሹማምንት፣ በዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትና በውጭ አገር አማካሪዎች ተዘጋጀ። ዕቅዱ ለብዙኃኑ ልጅ የ4 ዓመት ትምህርት የሚበቃ እንዲሆን ያስብ ነበር። በጥናቱ ውስጥ አንዳንድ ደግ አሳብ አልነበረም አንልም፤ ግን ለልጁ አራት ዓመት የተመደበለት ገበሬና ወዛደር ሳይጠየቅ የተሠራ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ወላጆችና ተማሪዎች አብረው የተነሡት ስለዚህ ነው። ዕቅዱ ቀረ፤ የዘውዱም መንግሥት ብዙ አልቆየም።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ተለዋውጧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አስተዳደሩ ወደ ታች እንዲወርድ አዘዘ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው መመሪያም የወላጅና መምህር ኅብረትና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የሚሠሩትን ዘረዘረ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ከአራቱ ዓምዶቹ አንዱን የኅብረተሰብ ተሳትፎ ብሎ ሰየመው። ቀጥሎም በተማሪ ቁጥር ልክ የሚታደል ገንዘብ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቶች መድረስ ጀመረ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ያለው ጥቂት አይደለም። ገበሬውም በበኩሉ እንጨት ተሸክሞ፣ ድንጋይ ፈልጦ፣ ጭቃ ረግጦ በየቀበሌው የመማሪያ ክፍል ሠርቷል። በብዙ ስፍራ ግን ኅብረቱ መዋጮ ሰብሳቢ ሆኖ ቀረ። ግድግዳውን የሠራው ሰው በግድግዳው ውስጥ ስለሚደረገው አይጠየቅም።

ውጤቱን ሁላችን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4። ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉበት ዓመት ታይቷል። ይህ ዜና ሲነገር ሹሙ ኩረጃውን ወቀሰ፤ ሌላው መምህሩን ወቀሰ፤ መምህሩም የደመወዙን ማነስ አነሣ። አንድም ልጅ ያላሳለፈው ትምህርት ቤት ወላጆች ግን ተሰብስበው «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ልጅ እዚህ ምን ሲሠራ ኖረ?» ብለው የሚጠይቁበት ወንበር አልነበራቸውም። ልጃቸው ማንበብ እንደማይችል በ3ኛ ክፍል ሊያውቁት የሚገባቸውን ነገር በ12ኛ ክፍል ከሬዲዮ ሰሙት። በትግራይ፣ በአማራና በሌሎችም አካባቢዎች በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤት ለተዘጋባቸው ወላጆች ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚህም ይቀድማል፤ ትምህርት ቤት የጦር ሰፈር እንዳይሆን መጠየቅ ነው። ይህንንም ቢሆን የሚጠይቅ የተደራጀ ወላጅ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ እንሰማለን።

የመጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎች «ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ትምህርት ቤት እንዴት ይመራል?» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች እድርን አያውቁምን? ያው ፊደል አልቆጠረም የሚሉት ገበሬና ያው ድሀ የከተማ ነዋሪ ዳኛ መርጦ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሾሞ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ያረፈደን ቀጥቶ፣ ሒሳብ አስመርምሮ ዘመኑን ሁሉ ይኖራል። የእድሩ ገንዘብ ቢጎድል ማን እንዳጎደለው በሳምንቱ ይታወቃል። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ቢጎድል ግን አይታወቅም። ልዩነቱ የወላጁ አእምሮ አይደለም፤ በእድሩ ባለቤት ነው፤ በትምህርት ቤቱ ግን እንግዳ ነው። ማንበብ የማይችል አባት ልጁ ሲያነብ ማዳመጥ፣ የመምህሩን መቅረት መቁጠር፣ መጽሐፉ ለስንት ልጅ እንደደረሰ ማየት ይችላል። ለቀረው ደግሞ ሥልጠና አለ።

ሁለተኛዎቹ «ይህ መምህሩን በወላጅ ማሳደድ ይሆናል» ይላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ የቂም መወጫ የሆኑ ሸንጎዎች እንደነበሩ ራሳችን ከላይ ተናግረናል። ይሁን እንጂ ባጀቱን የማያውቅ ወላጅ ነው መምህሩን የሚወቅሰው። የመምህሩ ደመወዝ ወራት እንደዘገየ፣ 80 ልጅ በአንድ ክፍል እንደታጨቀበት፣ ጠመኔ ከኪሱ እንደሚገዛ ያወቀ ወላጅ ከመምህሩ ጋር ይቆማል። ያልሠለጠነ ወላጅ ለመምህር አስቸጋሪ ነው፤ የሠለጠነ ወላጅ ግን መምህር ካሉት ወዳጆች ሁሉ ብርቱው ነው።

ሦስተኛዎቹ «ድሀ ለስብሰባ ጊዜ የለውም» ይላሉ። ጊዜ የለውም ማለት እውነት ነው፤ ይህ ግን የስብሰባውን ሰዓትና ቦታ ለመለወጥ ምክንያት ይሆናል እንጂ ወላጁን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ስብሰባው በገበያ ቀን ረፋድ ላይ የሚጠራ ከሆነ፣ ጥሪውም ለአባወራው ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ የልጁን ደብተር የምታየው እናት ከደጅ ትቀራለች። እናቶች የሌሉበት የወላጆች ኅብረት ግማሽ ኅብረት ነው።

ሥልጠናው ምን ይሁን? ረጅም ዝርዝር አያስፈልግም። ወላጅ አምስት ነገር ማድረግ ከቻለ ይበቃል። አንደኛ፣ የልጁን የንባብ ችሎታ በቤቱ መመዘን። ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤቱን ውጤት ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር አስተያይቶ ማንበብ። ሦስተኛ፣ የገቢና የወጪውን ወረቀት መረዳትና በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ መጠየቅ። አራተኛ፣ የትኛው ጉዳይ በዲሬክተር፣ የትኛው በወረዳ፣ የትኛው በክልል እንደሚወሰን ማወቅ፤ በማይመለከተው በር ቆሞ ቀኑን እንዳያጠፋ። አምስተኛ፣ በስብሰባ ተነሥቶ ያለ ፍርሃትና ያለ ስድብ መናገር፣ የተባለውንም በቃለ ጉባኤ ማስጻፍ። አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ለሹም እጅ ነሥቶ መናገርን የለመደ ሕዝብ ቀና ብሎ መጠየቅን በአንድ ቀን አይለምድምና ልምምድ ይፈልጋል።

ይህን ሥራ ማን ይጀምረው? እኛ ተማሪዎች ልንጀምረው ይገባናል ብለን እናምናለን። በውጭ አገር ያለን ተማሪዎች ይህን ለማድረግ ዕለት ዕለት የምናየው ምክንያት አለን። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ታክሲ የሚነዳው አባት፣ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነችው እናት ከመምህር ጋር ሲገናኙ አስተርጓሚ የሚሆነው ራሱ ልጁ ነው። ስለ ራሱ ጥፋት የሚያስተረጉም ልጅ ምን ያህሉን እንደሚያስተረጉም መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት ማንንም እንዳይበድል ይከለክላል፤ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የመሰማት ክርክርም የቆመው በዚህ ላይ ነው። በ1974 የወጣው ሕግ ወላጅ የልጁን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት ይሰጠዋል። የዋሽንግተን ከተማም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። መብቱ አለ፤ የሚያውቀው ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ወላጆቹ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በማኅበረሰብ አዳራሽ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ስድስት ምሽት፣ አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት ሕግና ትምህርት የሚያጠኑ ተማሪዎች፣ የልጆች ሞግዚት የሚሆኑ ሌሎች ተማሪዎች፤ የሚፈለገው ይኸው ነው።

በአገር ቤት ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ለክረምት ዕረፍት ወደየተወለዳችሁበት ስትመለሱ የተማራችሁበትን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታውቃላችሁ፤ ወላጆቹንም በስማቸው ትጠሯቸዋላችሁ። የትምህርት ቤቱን መመሪያ ቀለል ባለ ቋንቋ፣ በየአካባቢው አፍ መፍቻ ቋንቋ ወደ ትንሽ መጽሐፍ መመለስ የእናንተ ሥራ ሊሆን ይችላል። እኛም ከዚህ ሆነን የቺካጎንና የኬንታኪን ማሠልጠኛ ጽሑፎች አሰባስበን፣ ለአገራችን የሚሆነውን መርጠን፣ ወጪውን ከማኅበራችን መዋጮ ሸፍነን ልንልክላችሁ እንችላለን። የማኅበራችን ጉባኤ በሚመጣው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲይዘውና ለሥራው ኮሚቴ እንዲያቆምለት እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን ልንስማማበት ይገባል። በአገራችን የተማረ ሰው ስለ ሕዝብ መናገር ይወዳል፤ ሕዝቡ ራሱ ሲናገር ግን ትዕግሥቱ ያጥራል። ወላጆችን ለማሠልጠን የሄደ ተማሪ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ሆኖ ከተገኘ፣ ሥልጠናው ከሽፏል። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ ተማሪው ወረቀቱን ያንብብ፣ ቁጥሩን ያስረዳ፣ ሲጠየቅ ይመልስ፤ ወንበሩን ግን አይያዝ፣ በወረዳው ፊትም በወላጆች ስም አይናገር። የሥራው ፍሬ የሚለካው በሦስተኛው ዓመት ተማሪው በሌለበት ወላጆቹ ስብሰባ ጠርተው፣ ሒሳቡን በሰሌዳ አስለጥፈው፣ ዲሬክተሩን «የ3ኛ ክፍል ልጆች ስንቶቹ ያነባሉ?» ብለው ሲጠይቁና መልሱን በቃለ ጉባኤ ሲያስጽፉ ነው።